ፍሎራይድ፣ ሕግና የሕዝብ ድምፅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ አካባቢ በጥርስ ሐኪምነት ብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ስለ መብት የሚሞግተኝ ታካሚ በዝቷል። «ቧንቧችን ውስጥ ፍሎራይድ ይጨምሩብናል፤ ውጭ አገር ሕዝብ ድምፅ ሳይሰጥበት አይጨመርም፤ እኛን ማን ጠየቀን?» ይለኛል።

ፍሎራይድ በአንዳንድ አገሮች ጥርስ እንዳይበላ በጥቂቱ የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ማዕድን ነው። የአቤቱታው መነሻ ግን ራሱ ስሕተት ነው። ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ለአዲስ አበባ በሚደርሰው ውሃ ላይ ፍሎራይድ አይጨመርም፤ አልፎ አልፎ የሚሸተው ክሎሪን ነው።

ይበልጥ የሚያሰለቸኝ «ያለ ሕዝብ ድምፅ አይጨመርም» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም፤ ነገሩ በየአገሩ ሕግ የሚወሰን ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣችው ሕግ ሕዝበ ውሳኔ ሳታካሂድ ግዴታ አደረገችው። ግላዲስ ራያን የተባለች የደብሊን እናት ብትከስስም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ዜጎች አካላቸው እንዳይጎዳ መብት እንዳላቸው ከተቀበለ በኋላ፣ ፍሎራይዱ ግን ይህን መብት አልጣሰም ብሎ ክሷን ውድቅ አደረገው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. የ2022 ሕግ የመወሰኑን ሥልጣን ከአካባቢ ምክር ቤቶች ወስዶ ለጤና ሚኒስትሩ ሰጥቷል።

ድምፅ በሚሰጥበት አገርም ቢሆን ድምፁ ሁልጊዜ የመጨረሻ አይደለም። እርግጥ የአሜሪካዋ ፖርትላንድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ያጸደቀውን ዕቅድ፣ ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ለምርጫ አቀረቡትና ሕዝቡ በዓመቱ ጣለው። የካናዳዋ ካልጋሪ ነዋሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ደግፈው ድምፅ ሰጡ፤ ምክር ቤቱ በ2011 ሳይጠይቃቸው አቋረጠው፤ በ2021 እንደገና ደግፈው መረጡ፤ ውሃው ውስጥ የተመለሰው ግን በ2025 ነው። የዩታ ግዛት ጉዳይማ የባሰ ነው፦ የሶልት ሌክ ካውንቲ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2000 በድምፁ ያስገባውን የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች በ2025 በአንድ ሕግ ከለከሉት።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ሐሳብን መጠየቅና በድምፅ መወሰን የተለያዩ ናቸው፤ ይህንን ለጠበቃ ታካሚዎቼ ጭምር ማስረዳት ግድ ሆኖብኛል።

«ጥርስ የሚበልዘው ባለመፋቅ ነው» የሚለውም ስንቱን ልጅ አሳፍሯል! ወንጂ ያደገ አንድ ወጣት ጥርሱ ቡናማ ስለሆነ በመዳፉ እየሸፈነ ይስቅ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥርሱን በሚገባ ይፍቅ ነበር። ጥርሱን ያበለዘው በልጅነቱ በጠጣው ውሃ ውስጥ የበዛው ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይዱን ከእሳተ ገሞራ ዐለት አሟሙቶ ወደ ጉድጓዱ የሚያመጣው ራሱ ውሃው ነው፤ ምክር ቤት አልወሰነበትም፣ ሕዝብም አልመረጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። በሌላው አገር እንጨምር ወይስ አንጨምር ተብሎ ይከራከሩበታል፤ የእኛ ጭንቀት ማውጣቱ ነው።

ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል።

ስለዚህ ዝዋይ ወይም መተሐራ አካባቢ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ልጆቹ ከስምንት ዓመት በታች ከሆኑ፣ ከካርታው ጋር የጉድጓዱን የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቅ፤ ከወሰኑ ካለፈ የልጆቹን መጠጥ ከሌላ ምንጭ ያምጣ፤ ቋሚው ጥርስ ከድድ ሥር የሚሠራው በእነዚያ ዓመታት ነውና ከበቀለ በኋላ ውሃ መቀየሩ ብልዘቱን አይመልሰውም።