«ከተማው ነቅቷል» ለምትሉ፦ ስለ ኤችአይቪ መገለል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለዓመታት የኤችአይቪ ምክር አገልግሎት ላይ ሠርቻለሁ። በየስብሰባው የማይቀር አንድ ንግግር አለ። «መገለል የገጠር ችግር ነው፤ ግንዛቤ ስለሌለ ነው። ከተማው ግን ነቅቷል» ይላሉ። መስማቱ ሰልችቶኛል። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ቀላል ቀላሉን ላንሳ።

«ቢምቢ ታስተላልፋለች።» አታስተላልፍም።

«ሲያዩት ያስታውቃል።» አያስታውቅም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ከእናንተ የተሻለ ፊት ሊኖረው ይችላል።

«ቫይረሱ ያለባት እናት ጤነኛ ልጅ አትወልድም።» ትወልዳለች። ያለ ሕክምና ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። እናቲቱ መድኃኒቷን በትክክል ከወሰደች ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል።

«ጸበል የጀመረ መድኃኒት ያቁም።» በፍጹም! ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። ጸበል ስትሄዱ ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው። «መገለል የሚመጣው ከእውቀት ማነስ ነው።»

ማንንም የከተማ ሰው ጠይቁ። በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ያው ሰው ግን እንጀራ ስለምትሸጥለት ሴት ወሬ ሲሰማ ደንበኝነቱን ይተዋል። በእንጀራ እንደማይተላለፍ ጠፍቶት አይደለም። «ከእሷ ይገዛል» መባልን ፈርቶ ነው።

የማውቃት አንዲት እናት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ግቢው አንድ ነው። ማድቤቱም ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። መድኃኒቷን እንደተረከበች መጀመሪያ በብልቃጡ ላይ ያለውን ወረቀት ልጣ ትጥላለች። ከዚያ ኪኒኑ እንዳይንኳኳ ውስጡን በጥጥ ትጠቀጥቀዋለች። አከራይዋ ከሰሙ ቤት ልቀቂ መባሏ አይቀርም። «ኤችአይቪ ስላለብሽ» የሚላት የለም። «ልጄ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ነው የምትባለው።

ደብረ ማርቆስ እየኖሩ መድኃኒታቸውን ፍኖተ ሰላም ወይም ባሕር ዳር ድረስ ሄደው የሚወስዱም አሉ። የኤአርቲ ክፍል (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) በር ላይ ጎረቤት እንዳያያቸው ነው። የመኪና ብር ሲጠፋ ቀጠሮ ያልፋል። መድኃኒት ይቋረጣል፤ ቫይረሱም ያንሰራራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግንዛቤ አለው በሚባለው ከተማ ነው።

ችግሩ ፍርድ ነው። የሆነ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ሲሰማ «መድኃኒት ጀመረ ወይ?» የሚል ጥቂት ነው። የሚቀድመው «ከየት አመጣው?» ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት የያዘውን ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። ሴት ከሆነች መልሱም አብሮ ይሰጣታል፦ መጠጥ ቤት ሠርታ ነው፣ ዓረብ አገር ሄዳ ነው። በትዳሯ ተወስና እየኖረች የያዛት ስንት አለች! በእርግዝና ክትትል ጊዜ ቀድማ የምትመረመረው እሷ ናት። ቀድማ ስላወቀች ብቻ «ያመጣችው እሷ ናት» ተብላ ከቤቷ የወጣች ሴት ፊቴ ቁጭ ብላ አልቅሳለች። ባልየው ገና አልተመረመረም ነበር።

«ካለበት ሰው ጋር መጋባት ሞት ነው» የሚሉትም ይስሙ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት ጥንዶችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ያረጋገጡት ነው።

እንግዲህ ሰው ምስጢሩን ከነገራችሁ «ከማን ያዘህ?» አትበሉት። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቁት፤ የሚሸኘው ከፈለገ ሸኙት። ለባለቤታችሁም ቢሆን አትንገሩ። ነፍሰ ጡር ሚስት ያላችሁ ባሎች፣ ለክትትል ስትሄድ አብራችሁ ሂዱና አብራችሁ ተመርመሩ። ቀጣሪዎች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኤችአይቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ካርድ ክፍል የምትሠሩ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የታካሚውን ስምና የሚሄድበትን ክፍል በኮሪደሩ እየጮኻችሁ አትጥሩ።