ለፋሲካ ገበታ አበባና ቅጠል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፋሲካን ገበታ በአበባ፣ በቅርንጫፍና በተቀባ እንቁላል ማስዋብ ደስ ይላል። ግን ስንት ሰው ዋዜማውን ሲደክምበት አምሽቶ፣ እንግዳ ሳይነሳ አበባው አንገቱን ይደፋበታል! አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የእጅ ሙያ ማነስ አይደለም። ከሰው ሰው ሲወራ የምንሰማው ምክር ነው የሚያሳስተን። የተቆረጠ አበባ ገና ሕይወት አለው። ውሃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል፣ አንዳንዱም ማደጉን አያቆምም። ይህን ይዘን የተለመዱትን አባባሎች እንያቸው።

«ፋሲካ የጸደይ በዓል ስለሆነ ቱሊፕና ዳፎዲል የግድ ነው»

ቱሊፕና ዳፎዲል በጸደይ የሚያብቡ አበቦች ናቸው፤ ፋሲካ ጸደይ ላይ ይውላል ማለት ግን ለግማሹ ዓለም እውነት አይደለም። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ርቀው ባሉ አገሮች ፋሲካ የሚውለው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። ቀኑም ቢሆን ይዋዥቃል። በኢትዮጵያ ቀን ስንቆጥረው የምዕራባውያኑ ፋሲካ ከመጋቢት 13 እስከ ሚያዝያ 17፣ የኦርቶዶክሱ ደግሞ በዚህ ዘመን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ሊውል ይችላል። ስለዚህ እዚያው ቦታ ላይ አንዱ ዓመት እምቡጥ፣ ሌላው ዓመት የደረሰ ቅጠል ሊያጋጥም ይችላል። «ወቅታዊ» ማለት ዛሬ በራችሁ ላይ ያለው ነው። የደረቀ የሣር ዘለላ፣ ቀላ ያለ ቅጠል፣ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ሁሉም ያምራል። ከሩቅ ተጭኖ ከመጣ አበባ ይልቅ እኔ በበኩሌ እነዚህን እመርጣለሁ።

«አበባ አበባ ነው፣ አንድ ላይ ቢቀመጥ ምን ችግር አለው?»

አለው እንጂ። ዳፎዲል፣ ያቺ ጡሩንባ የምትመስለው ቢጫ አበባ፣ አገዳዋ ሲቆረጥ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ታወጣለች። ጫፉን በጣታችሁ ብትነኩት ይታወቃችኋል። ይህ ፈሳሽ ውሃው ውስጥ ሲገባ የሌሎቹን አበቦች ዕድሜ ያሳጥራል፤ በተለይ ቱሊፕ በቶሎ ይጎዳል። መፍትሔው ዳፎዲሏን ለብቻዋ ውሃ ውስጥ ማሳደር ነው። በማግስቱ ጫፏን ሳትቆርጡ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሏት። እንደገና ከቆረጣችኋት ፈሳሹ እንደ አዲስ ይወጣል።

ቱሊፕም የራሱ ጠባይ አለው። ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ወደ ብርሃንም ይጎብጣል። ቅዳሜ ቀጥ ብሎ የቆመው እሁድ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ብታገኙት አትደንግጡ። መጀመሪያውኑ አሳጥራችሁ ቁረጡት።

«ስኳር ወይም ሳንቲም ጨምሩበት»

ስኳር ብቻውን ሲሆን ከአበባው ይልቅ ባክቴሪያውን ይቀልባል። ከአበባ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚሰጠው ዱቄት የሚሠራው ከስኳሩ ጋር አሲድና ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ስላለበት ነው። ከሳንቲም ወደ ውሃው የሚወጣው መዳብ ደግሞ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዱቄቱ ከሌላችሁ ማስቀመጫውን በሳሙና እጠቡ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ አራግፉ፣ ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቀይሩ።

የእንጨት አገዳ ያለውን ቅርንጫፍ ጫፉን በመዶሻ መቀጥቀጥም እንዲሁ የማይረባ ምክር ነው። ውሃ የሚወጣበት ቀጭን ቧንቧ ይጨፈለቃል፣ የተቀጠቀጠውም ቶሎ ይበሰብሳል። በስለታም መቀስ ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ይበቃል።

«ፍራፍሬና አበባ ጎን ለጎን ሲሆን ያምራል»

ለፎቶ አዎ። ግን የሚበስል ፖምና ሙዝ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ ብዙ ዓይነት አበባን ቶሎ ያጠወልጋል። ምግቡ ሊቀርብ ሲል አንድ ላይ አድርጓቸው፣ ከዚያ በፊት በተለያየ ክፍል ይደሩ።

«የተፈጥሮ ቀለም እንቁላል ላይ አይደምቅም»

ይህን ስሰማ ይቆጨኛል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በደንብ ተቀቅሎ ውሃው ሲጠቁር እንቁላሉን ደማቅ ቡናማ ቀይ ያደርገዋል። እርድ ቢጫ ይሰጣል። ከሁሉ የሚገርመው ቀይ ጥቅል ጎመን ነው፤ ውሃው ሐምራዊ ሆኖ ሳለ ነጭ እንቁላል ሰማያዊ ሆኖ ይወጣበታል። የጎመኑ ቀለም እንደ አሲዱ መጠን የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ቅርፊቱን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይዞራል።

የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ነው፦ ኮምጣጤና ትዕግሥት። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ቀለሙ ቅርፊቱን እንዲይዝ ይረዳል። ከዚያ እንቁላሉ ቀለሙ ውስጥ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

ጥለት ከፈለጋችሁ ትንሽ ቅጠል፣ ለምሳሌ የድንብላል፣ አርጥባችሁ እንቁላሉ ላይ ለጥፉ። በአሮጌ ስቶኪንግ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ቀለሙ ውስጥ ቀቅሉት። ስትፈቱት የቅጠሉ ቅርጽ ከነጥርሱ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ለማንኛውም ጌጥ ይህን አልለውጥም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የተቀቀለ እንቁላል ከሁለት ሰዓት በላይ ገበታ ላይ ከዋለ ባይበላ ነው የሚሻለው። ቀኑን ሙሉ ለጌጥ የሚቀመጠውን በሁለቱ ጫፎች በስታችሁ ውስጡን አስወጡት።

«ትልቅ ሲሆን ይደምቃል»

ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች የማይተያዩበት ጌጥ ጨዋታውን ያፈርሳል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። እንደ ሃያሲንት ያለ ኃይለኛ ሽታ ያለውንም ከምግቡ አርቁት።

«የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

አደገኛው አመለካከት ይህ ነው። ሊሊ የሚባለው አበባ ድመትን ኩላሊቷን አጥቅቶ ሊገድላት ይችላል። ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ከጸጉሯ ላይ የላሰችው የአበባ ዱቄት፣ የተቀመጠበት ውሃም ጭምር መርዝ ነው። ድመት ያለበት ቤት ሊሊ ጭራሽ ባይገባ ይሻላል። ዳፎዲልም ለሰው መርዛማ ነው፤ ስለዚህ ሰላጣ ወይም ኬክ ላይ አታስቀምጡት፣ ውሃውንም ሕፃናት ከማይደርሱበት አኑሩት። ሻማ ካበራችሁ ደግሞ የደረቀውን ሣርና ቅርንጫፍ ከነበልባሉ አርቁ፤ ሰው ከገበታው ሲነሳ ሻማውን አጥፉ።