ስለ ኮምፒውተር ባክአፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባክአፕ የሚባለው ዋናውን ፋይል ያጠፋው አደጋ የማይደርስበት ሌላ ቅጂ ነው። ከታች ያሉት አመለካከቶች ብዙ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የድርጅቱን ሒሳብና የልጆቹን ፎቶ ያጣባቸው ናቸው።

«ፋይሎቼ ዲ ላይ ስላሉ ምንም አይሆኑም»

ሲ እና ዲ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሀርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ዲ ይተርፋል፤ ጥቅሙም እዚያው ላይ ያበቃል። ዲስኩ ከተቃጠለ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ዲስኮችን የሚያሳየውን የዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» ከፍተው ይዩ፦ ሁለቱም «ዲስክ 0» በሚለው መስመር ላይ ከተደረደሩ ባክአፕ የለዎትም።

«ጎግል ድራይቭ አለኝ»

ጎግል ድራይቭ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲንክ ከተደረገ (ሁለቱ ሁሌም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ከተያያዙ)፣ እዚህ የሰረዙት እዚያም ይሰረዛል። ትራሽ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። በስህተት የሰረዙትን ፎልደር ከሁለት ወር በኋላ ቢፈልጉት አያገኙትም። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ከጂሜይልና ከፎቶዎች ጋር የጋራ ነው።

«ቴሌግራም ላይ ልኬዋለሁ»

ፎቶን እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ ይቀንሳል፤ «ፋይል» ብለው ይላኩት። በነፃ የሚላክ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም።

«በርካሽ የ2 ቴራባይት ፍላሽ ገዛሁ»

ይህ ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። በሐሰተኛ ፍላሽ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ቦታ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን 2 ቴራባይት ነኝ እንዲል ተደርጎ ተስተካክሏል። ቦታው ካለቀ በኋላም ኮፒው ያለ ችግር ይጨርሳል፤ የፋይሉ ስምና መጠንም በትክክል ይታያል። ሲከፍቱት ግን አይሠራም፣ ወይም ቀድሞ የነበረው ተደምስሷል። ስለዚህ ምንም ሳይጭኑበት «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትሹት። ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልቶ የጻፈውን መልሶ ያነባል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ቢሆንም ሳያቋርጡ ይጨርሱት፣ ስህተት ካሳየም ለሻጩ ይመልሱ።

«ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩ ሁሌም እንደተሰካ ነው»

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የተሰካውን ዲስክም አብሮ ይቆልፋል። የመብራት መዋዠቅም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊመታ ይችላል። ኮፒ አድርገው ሲጨርሱ «ኢጀክት» ብለው ይንቀሉት። ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ከመያዝ ደግሞ ሌላ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል። በጣም ለሚሳሱለት ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፦ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ላይ፣ አንዱ ክላውድ (እንደ ጎግል ድራይቭ ያለ የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ወይም ዘመድ ቤት።

«ኮፒ አደረግሁ፣ አለቀ»

ሁለቱንም ፎልደሮች በራይት ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ያስተያዩ። ከዚያ ዲስኩን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፋይል ይክፈቱ። ዲስኩ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በቢትሎከር ከተቆለፈ የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። ቃሉ ከጠፋብዎት የሚያስገባዎት ባለ 48 አሃዙ የሪከቨሪ ቁልፍ ስለሆነ፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ከኮምፒውተሩም ከዲስኩም ለይተው ያስቀምጡት።