ባክቴሪያን በጠረኑ የሚለየው ባለቀለም ካርድ

ባክቴሪያ ጠረን አለው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ያደገበት ሳህን ሲከፈት የወይን ፍሬ ይሸታል፣ ኢ ኮላይ ደሞ ኢንዶል የሚባል ኬሚካል ስለሚያወጣ የራሱ ጠረን አለው። ባክቴሪያው ምግቡን ሲበላ ተናኝ ኬሚካሎች ይለቃል፣ ድብልቁ ከዘር ዘር ስለሚለያይ ጠረኑን በደንብ ያነበበ ማን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው።

ይሄን በቀለም ለማንበብ ብዙ የደከሙት አሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኧርባና ሻምፔን ኬሚስቱ ኬኔት ሰስሊክና ባልደረቦቹ ናቸው፣ ጠረንን ወደ ቀለም የሚቀይረውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መፅሄት ላይ አወጡት።

ለባክቴሪያ የሰሯት ካርድ ትንሽ ናት፣ 36 የቀለም ነጥቦች ታትመውባታል። አንዳንዱ ነጥብ ልክ እንደ ሊትመስ ወረቀት ለአሲድና ለቤዝ ይቀየራል፣ ሌላው ፖርፊሪን ነው፣ ደማችንን ቀይ ያደረገው የሄም ቤተሰብ፣ መሀሉ ላይ ያለው ሜታል ጋዝ ሲይዝ ቀለሙ ይለወጣል። ብዙ ሰው አንድ ነጥብ ለአንድ ባክቴሪያ የተሰራ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ አንዷ ነጥብ ብቻዋን ምንም አትነግርህም፣ የ36ቱ ለውጥ አንድላይ ሲታይ ነው የጣት አሻራ የሚሆነው። ተራ ስካነር ካርዷን እየደጋገመ ያነሳታል፣ አዲሱ ምስል ከመጀመሪያው ጋር ይነፃፀርና በየነጥቡ የቀይ የአረንጓዴና የሰማያዊ ልክ ተወስዶ 108 ቁጥር ይወጣል፣ ኮምፒውተሩ የሚያመሳስለው እነዚህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 10 አይነት ባክቴሪያ በ10 ሰአት ውስጥ ለይተዋል፣ 164 ሙከራ ተደርጎ 98.8 በመቶው ልክ ነበር። እኔን በጣም የገረመኝ መድሃኒት የተላመደውን ስታፍ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ካልተላመደው መለየታቸው ነው፣ ሁለቱ ወንድማማች ናቸውኮ!

ቀለም የሚቀይር ሴንሰር ሆስፒታል ውስጥ ቀድሞም ነበር፣ ባክት አለርት የሚባለው፣ የታማሚ ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ለማየት የሚያሳድጉበት ጠርሙስ (የደም ካልቸር) ስሩ ላይ ያለው ክብ ነገር ካርቦንዳይኦክሳይድ ሲበዛ ወደ ቢጫ ይዞራል፣ ግን የሚናገረው የሚያድግ ነገር እንዳለ ብቻ ነው፣ ማን እንደሆነ ለማወቅ እንደገና ማሳደግ አለ፣ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን ሲበረታ ሰውነትን የሚጎዳ አደገኛ ህመም) የያዘው ሰው ደሞ በዛ መሀል በግምት አንቲባዮቲክ እየተሰጠው ይቆያል።

ዘዴው ድካም አለው፣ ባክቴሪያው የሚበላው ሲቀየር ጠረኑም ይቀየራል፣ ሁለት አይነት ከተቀላቀለም አሻራው ይደበላለቃል። ስለዚ አሁን ጥያቄውን ያዞሩት አሉ፣ ማነው ሳይሆን የትኛው መድሃኒት ይገድለዋል ነው የሚሉት። ባዮሜሪዩ የሚባለው የምርመራ መሳሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የገዛው የስፔሲፊክ ዲያግኖስቲክስ ኩባንያ ሪቪል የሚባል ማሽን እንደዛ ነው የሚሰራው፣ ባክቴሪያው የሚገባባቸው ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ በየጉድጓዱ አንቲባዮቲክ አለ፣ ባክቴሪያው መድሃኒቱን ችሎ ካደገ ጠረኑ ከላይ ያሉትን ነጥቦች ይቀይራል፣ ከሞተ ቀለሙ ባለበት ይቀራል።