የአንድ ጠብታ ደንብ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ሰውን ነጭ ወይም ጥቁር የሚያሰኘው መልኩ ብቻ አልነበረም። ቆዳው የነጣ፣ ጸጉሩ የለሰለሰ ሰው እንኳ ከቅድመ አያቶቹ አንዷ ጥቁር ከነበረች ጥቁር ይባል ነበር። አንዲት ጠብታ የጥቁር ደም ትበቃለች ማለት ነው። የአንድ ጠብታ ደንብ የሚባለው ይህ ነው።

ሥሩ ባርነት ነው። ቨርጂኒያ በ1662 ባወጣችው ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል። ጌታው ከባሪያው ቢወልድ፣ ልጁ የቱንም ያህል አባቱን ቢመስል ባሪያ ነው። በዚህ መንገድ ነጭ የሚመስሉ ባሮች በዙ። ዓይን ሊለያቸው ስላልቻለ የዘር ሐረግ መቁጠር ግድ ሆነ። የስላቅ ደራሲዎች የገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው።

ማርክ ትዌይን በ1894 ባሳተመው «ፑድንሄድ ዊልሰን» ሮክሲ የምትባል ባሪያ አለች። ከአሥራ ስድስት እጅ አሥራ አምስቱ ነጭ ናት። ልጇ አንድ ቀን የባሪያ ኑሮ ወደሚከፋበት ወደ ታችኛው ሚሲሲፒ ወንዝ አገር እንዳይሸጥባት ትሰጋለች። ስለዚህ ከጌታዋ ሕፃን ጋር ትለዋውጠዋለች። የሚለያቸው ልብሳቸው ብቻ ስለነበር አባትየው እንኳ አላወቀም። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የጣት አሻራ ምስጢሩን ያወጣዋል። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እውነተኛው ወራሽ ነጻም ሀብታምም ይሆናል፤ ግን ማንበብና መጻፍ አያውቅም። አነጋገሩና አረማመዱ የባሪያ ነው። ከነጮች ሳሎን ገብቶ መቀመጥ ያስጨንቀዋል። ደሙ ያው ነው፤ እንዲህ ያደረገው አስተዳደጉ ነው። ሌላኛው ደግሞ ጌታ ሆኖ አድጎ እንደ ዕቃ ይሸጣል።

ቨርጂኒያ በ1924 ደንቡን በሕግ አጸናችው። ነጭ ማለት ከነጭ ደም በቀር ምንም የሌለበት ሰው ነው ተባለ። ግን ብዙ ትልልቅ ቤተሰቦች ከአሜሪካ ቀደምት ተወላጇ ከፖካሆንታስ እንወለዳለን እያሉ ይኮሩ ነበር። እነሱን ለማዳን ከአሥራ ስድስት አንድ የቀደምት ተወላጆች ደም ተፈቀደ። ለጥቁር ደም ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አልነበረም። የዚህ ሕግ የጋብቻ ክልከላ የተሻረው በ1967 ነው።

ደራሲው ጆርጅ ስካይለር በ1931 «ብላክ ኖ ሞር» በተባለ ልብ ወለዱ ላይ ይህንኑ ይዞ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው። አንድ ጥቁር ሐኪም ጥቁሮችን ነጭ የሚያደርግ ሕክምና ይፈለስፋል። አገሩ ይታመሳል። የነጭ ዘር ጠበቃ ነን ባዮች ማን ንጹሕ እንደሆነ ለመለየት የሕዝቡን የዘር ሐረግ ያስጠናሉ። ጥናቱ ሲያልቅ የጥቁር ደም የተገኘው በራሳቸው በመሪዎቹ ላይ ነው። ቆይቶም ሕክምናውን የወሰዱት ከነባሮቹ ነጮች ይልቅ እንደሚነጡ ይታወቃል። ያኔ በጣም መንጣት ያስንቅ ጀመር፤ ሰዉም ቆዳውን ለማጥቆር ተሯሯጠ።