ጂኦካሺንግ ምንድን ነው?

ጂኦካሺንግ በሳተላይት የሚመራ ድብብቆሽ ነው። የሚደበቀው ዕቃ ነው፤ ደባቂው ደግሞ «ኩኩሉ» ቢሉት «አልነጋም» ብሎ አይመልስም፤ ደብቆ ወደ ቤቱ ከገባ ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ መያዣ ውስጥ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ከትቶ ደጅ አንድ ቦታ ይሸሽገዋል። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በጂፒኤስ ለክቶ በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ያወጣዋል። ፈላጊው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ከፍቶ ይሄዳል፣ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፣ ከዚያም እንደነበረው መልሶ ይደብቃል። የተደበቀው ዕቃ «ካሽ» ይባላል። እኛ ካሽ ሲባል ቶሎ የሚታየን ገንዘብ ነው፤ ይሄኛው ግን የመጣው «መደበቅ» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ጂኦ በግሪክኛ ምድር ነው።

የጨዋታው ልደት ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ የቆመው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) ነው። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ብዙም በማይርቀው ቢቨርክሪክ አካባቢ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍና አንድ ጣሳ ባቄላ ነበሩበት። ደንቡ አጭር ነበር፦ አንድ ነገር ውሰድ፣ አንድ ነገር ተው። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኙት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ካሾች አሉ፤ የጨዋታው ዋና ድረ ገጽ የሚመራውም እኔ ከምኖርባት ከሲያትል ነው።

በዚህ ጥር አንድ ቅዳሜ ከአሥር ዓመት ልጄ ጋር ወደ ሲዋርድ ፓርክ ወጣን። ፓርኩ ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ገባ ያለ ደናማ መሬት ነው፤ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ሬይኒየር ቫሊ ቅርብ በመሆኑ በበጋ ስንት ጊዜ ሥጋ ጠብሰንበታል። በክረምቱ ብርድ ግን ማንም አይመርጠውም። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አጥንት ይሰብራል።

ስልኩ በቀላሉ እስከ ዛፎቹ አደረሰን። ችግሩ የተጀመረው እዚያ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሰማዩ ገላጣ ሲሆን ስልክ ቦታን ወደ 5 ሜትር በሚጠጋ ስህተት ያሳያል። 5 ሜትር ትንሽ ይመስላል። በሁሉም አቅጣጫ 5 ሜትር ሲኬድ ግን ወደ 80 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አዲስ አበባ ቢሆን ቤት ይሠራበታል! እርጥብ ዛፍ ሥር ደግሞ ምልክቱ እየተጋረደና እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ይብሳል። ስልኩ ላይ አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ኋላ ያመለክታል። ስልኩን ኪስ ከትቶ በዓይን መፈለግ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ ለእኔ ጨዋታውም ይኸው ነው። በአጠገቡ መቶ ጊዜ ያለፍኩትን ግንድ ያን ቀን ገና አየሁት።

ብርዱ የራሱ ጣጣ አለው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ስልኩን ከካፖርት ስር ደረት ላይ መያዝ ነው። ስክሪኑ ተራ ጓንት አይሰማም። ለመጻፍም እርሳስ ይሻላል፣ የእስክሪብቶ ቀለም በቅዝቃዜና በእርጥብ ወረቀት ላይ እምቢ ይላል።

ሳይታወቁ መፈለግም የጨዋታው ወግ ነው፤ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ካሹን እንደ ቆሻሻ ሊጥለው ይችላል። ውሻቸውን ይዘው ያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት «የጠፋብሽ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ተንበርክኬ ነበር፤ የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርኩ ነው አልኳቸው። መደበቅ የሚፈልግም ደንብ አለበት፦ የባለ ቦታውን ፈቃድ ማግኘት፣ መሬት አለመቆፈር፣ ምግብ አለማስቀመጥ። ምግብ አውሬ ይጠራል።

እያንዳንዱ ካሽ ለአፈላለጉና ለመንገዱ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። የእኛ በሁለቱም 2 ነበር፤ ሆኖም አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ያገኘችው ልጄ ናት። በድሮ ጊዜ የካሜራ ፊልም የሚመጣባት የፕላስቲክ ዕቃ፣ በግንዱ ስንጥቅ ውስጥ በቅርፊት ተሸፍና። እኔ ያስተማርኳትን አልረሳችም፤ «እማዬ፣ ነጋ!» ብላ ጮኸች።

የተጠቀለለችውን ወረቀት በደነዘዙ ጣቶቿ ዘረጋች። ከላይ እስከ ታች በላቲን ፊደል የተጻፉ ስሞች ነበሩ። እርሳሱን ሰጠኋት፤ ስሟን በፊደላችን ጻፈች፣ ሁለተኛዋ ፊደል ትንሽ ተንጋዳለች። ከዚያ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች፣ ቅርፊቱን መልሳ ደፋችበት፣ እኔም ከሩቅ ቆሜ እንደማይታይ አረጋገጥኩላት።