«ሶሌታው 7 ቀኑ ነው»፦ በሙያ ግሩፖች ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ ሳይት የምንውል መሐንዲሶችና ፎርማኖች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አንድ ማታ አንዲት ጀማሪ መሐንዲስ ጠየቀች፦ «ሶሌታው ከተሞላ 7 ቀኑ ነው። ድጋፉን ማንሳት ይቻላል?» (ሶሌታ የወለል ወይም የጣሪያ ኮንክሪት ንጣፍ ነው፤ ድጋፉ ደግሞ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ከሥር የሚሸከመው ነው።) ወዲያው መልስ መጣ፦ «ዩኒቨርሲቲ ምን ስትሠራ ነበርክ??!!» ልጅቷ ጥያቄዋን አጠፋችው። ነገሩ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

«ተራ ጥያቄ ግሩፑን ያረክሰዋል»

ጥያቄው ተራ አልነበረም። የኮንክሪት ጥንካሬ በደንቡ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። በ7 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ላይ ነው። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከኦፒሲ (ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ይዘገያል። የአዳማ ፀሐይና ንፋስም አለ፤ ውሃ በደንብ ካልጠጣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጥንካሬውም ይጎድላል። ስለዚህ የባለሙያ ወግ መልሶ መጠየቅ ነበር። ሲሚንቶው ምንድን ነው? ስንት ቀን ውሃ አጠጣችሁት? በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? የኩብ ውጤቱስ (የኮንክሪቱ ናሙና የጥንካሬ ፍተሻ) መጣ? ጀማሪ ፈርቶ ዝም ሲል ድጋፉ በግምት ይነሳል። ከሥር የሚሠራ ሰው አለ!

«አነጋገሬ እንዲህ ነው፣ የሚያውቀኝ ይረዳኛል»

ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «አንተ ሰነፍ» ብንባባል ሳቁ አብሮ አለ። ጽሑፍ ላይ ሳቁ አይታይም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክሩገርና ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በኢሜይል የጻፉት ምር ይሁን ሽሙጥ አንባቢው ከ100 ጊዜ 78ቱን እንደሚለይላቸው ገምተው ነበር። አንባቢው የለየው 56 ያህሉን ብቻ ነው። ሳንቲም ብንወረውር እንኳ 50 እናገኛለን።

«አማርኛ ትልቅ ፊደል ስለሌለው በጽሑፍ አይጮህም»

ይጮሃል እንጂ። ያ «??!!» ጩኸት ነው። ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ግን «ነበርክ» የምትለዋ ቃል ናት። ጠያቂዋ ሴት ልትሆን እንደምትችል መላሹ አላሰበም። የማናውቀውን ሰው «እርስዎ» ብለን ብንጀምር ለሴትም ለወንድም ይሆናል። ያራርቃል የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን አክብሮት ነው። «አንተ» እና «አንቺ» ስንግባባ ይመጣሉ።

«የማይጽፍ አባል ጥቅም የለውም»

አይደለም። አንብቦ የሚማረው ይበዛል፤ «ዝም ያለ ይባረራል» ማለት ቢቀር ደስ ይለኛል።

«ስህተትን በይፋ ማመን ክብር ይቀንሳል»

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ውስጥ የጻፍነውን እስከ 48 ሰዓት ማስተካከል ይቻላል። ግን የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ይዞት ሳይት ሄዶ ሊሆን ይችላል። «ቅድም ያልኩት ስህተት ነው፣ ትክክሉ ይሄ ነው» ብሎ ከሥር መጻፍ ይሻላል። እንዲህ የሚያደርግ መሐንዲስ ሲጽፍ እኔ አምነዋለሁ።

ያን ማታ እኔም አይቼ ዝም ብዬ ነበር። በማግስቱ ልጅቷን በኢንቦክስ ይቅርታ ጠየቅኳትና ስለ ሶሌታው አወራን። ሲሚንቶው ፒፒሲ ነበር። ድጋፉን አላነሱትም።